ጠለፋውና ልጆቹ
በቆቦና በራያ ቆላ ለሰው የመሥራት ትምህርት
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ፊደልና ቁጥር ማስተማር የትምህርት ቤት ተግባር ነው ብለን ለመምህራን እንተዋለን። ዋጋ ሳይቀበሉ ለሌላ ሰው መሥራትን ግን ልጅን ማን ያስተምረው? ይህን ጥያቄ በአሁኑ ጊዜ የሚያነሡ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። በክረምት ወራት ወጣቶች ችግኝ ሲተክሉ፣ የአረጋውያንን ቤት ሲያድሱ፣ ደም ሲለግሱ እናያለንና «በጎ ፈቃድ» የሚለው ቃል ከጆሯችን አይጠፋም። ቃሉ በዚህ አገባቡ አዲስ ነው፤ ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጠባይ ከመስበክ ይልቅ የታሪኩን ፈለግ ተከትዬ ወደ ሰሜን ወሎ፣ ወደ ቆቦና ወደ ራያ ቆላ ልወስዳችሁ አስቤአለሁ።

ቆቦ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞባታል፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ከአፋር በረሃ ይለያታል። በመካከል ያለው ሜዳ ከደጋው ተጠርጎ የወረደ አፈር ለብዙ ዘመን ሲደላደልበት የኖረ በመሆኑ እጅግ ለም ነው። ማሽላውም ጤፉም ይስማማዋል። የጎደለው ዝናብ ነው። በዓመት የሚወርደው ዝናብ ጥቂት ከመሆኑ በላይ በጊዜው አይመጣም፤ አንዳንድ ዓመት ዘሩን አብቅሎ ይጠፋል፤ አንዳንድ ዓመት ሰብሉ ከደረቀ በኋላ ይወርዳል። ደጋሊት የሚባለው የአገሩ ማሽላ ደግሞ ከተዘራ በኋላ ለመድረስ ብዙ ወራት የሚፈልግ ነውና በመካከል ውኃ ካላገኘ ፍሬ አይሰጥም።

ሕዝቡም ለዚህ ችግር መድኃኒቱን ያገኘው ከሰማይ ሳይሆን ከተራራው ነው። ሆርማት፣ ጎሊና፣ አለ ውኃ የተባሉት ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ተነሥተው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። አንዳንዱ በበጋም ጥቂት ውኃ አያጣም፤ ሌላው ግን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋና ኮረት ሆኖ ይከርማል። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ዝናብ ሲወርድ፣ ቆላው ላይ አንዲት ነጠብጣብ ሳትወድቅ፣ ምሽት ላይ ደራሹ ይመጣል። የቆቦ ሰው ሰማዩን ሳይሆን ተራራውን ማየት የለመደው ስለዚህ ነው። ደራሹ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ግንድ እየነቀለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጥቶ ያልፋል። ያልያዙት እንደ ሆነ ወደ ምሥራቅ ሄዶ በከንቱ ይጠፋል። የያዙት እንደ ሆነ ግን ውኃውን ብቻ ሳይሆን ደለሉንም ያመጣልና እርሻውን ያጠጣዋል፤ ማዳበሪያም ይሆነዋል።

ይህን ውኃ የመያዙ ሥራ ጠለፋ ይባላል። በወንዙ አሸዋ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ፣ ድንጋይና አፈር እየተደራረበ አግድም አጥር ይሠራል፤ ከአጥሩም ሥር ትልቁ ቦይ ይጀምራል፤ ከትልቁ ቦይ መካከለኞቹ፣ ከመካከለኞቹም በየእርሻው የሚገቡት ትንንሽ ቦዮች ይከፈላሉ። አጥሩ የድንጋይ ካብ እንደ መሆን ያለ ጽኑ ነገር አይደለም። ኃይለኛ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ይፈርሳል፤ መፍረሱም አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል፤ ባይፈርስ ኖሮ ጎርፉ በቦዩ ገብቶ እርሻውን ራሱን ጠርጎ በወሰደው ነበርና። እንግዲህ አጥሩ በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ይሠራል፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንደ ገና ከመሠረቱ ይጀመራል። አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን ሊሠራው ከቶ አይችልም፤ አንድ መንደር እንኳ የሚያቅተው ጊዜ አለ።

ልጆች ለሌላ ሰው መሥራትን የሚማሩት እዚህ ላይ ነው።

በሰኔ ወር፣ ደራሹ ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ የውኃ አባት የተባለው ሽማግሌ ቀን ቆርጦ ሰውን ይጠራል። በአካባቢው አማርኛም ትግርኛም ኦሮምኛም ይነገራልና በሰሜኑ በኩል ይህንኑ ሹም በትግርኛ አቦ ማይ ይሉታል፤ ትርጓሜው ያው ነው። ጎልማሶቹ መጥረቢያና ዶማ ይዘው ይወርዳሉ። ጎረምሶቹ የተቆረጠውን ግራር እየጎተቱ ወደ ወንዙ ያመጣሉ። ሴቶቹ ለሠራተኛው የማሽላ እንጀራና ቆሎ፣ ክርስቲያኑ ጠላ፣ እስላሙ ቅሪቦ ይዘው ይመጣሉ። ገና ሰባትና ስምንት ዓመት የሆነው ሕፃን ምንም አይጠቅምም ሊባል ይችል ይሆናል። ነገር ግን ጠጠር ያቀብላል፤ ውኃ በቅል ያመላልሳል፤ ከሁሉም ይልቅ ያያል። አባቱ ከእርሻቸው ሩቅ በሆነ ስፍራ፣ እነርሱ ፈጽሞ በማይዘሩበት ቦይ አጠገብ ቆሞ ሲቆፍር ያየዋል። «አባዬ፣ ይህ የኛ ነወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የሚያገኘው መልስ ረዥም ንግግር አይሆንም፤ የውኃውን መንገድ በጣት ማሳየት ይበቃል። የላይኛው ቦይ ካልተጠረገ ውኃው ወደ ታችኛው አይደርስም። የታችኛው ሰው ካልመጣ ደግሞ የላይኛው አጥር አይቆምም።

በጎርፍ አጠቃቀሙ ላይ የቆየ ሥርዓት አለ። ወደ ራሱ ማሳ ውኃ የገባለት ሰው በቃኝ ብሎ ቦዩን ለቀጣዩ ማስለቀቅ አለበት። በሌሊት በጨለማ፣ ጎርፉ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ብቻ በሚቆይበት ጊዜ፣ ይህን ማድረግ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። ሰውዬው አንድ አካፋ አፈር ቢመልስ ለራሱ ይጠግባል፤ ከታች ያለው ጎረቤቱ ግን የዓመት እንጀራውን ያጣል። በዚህ ምክንያት ጠብ ተነሥቶ ደም የፈሰሰበት ጊዜ አለ። የራያ ሽማግሎች ዘወልድ በተባለው የዕርቅ ሥርዓት ተቀምጠው እንዲህ ያለውን ጠብ ሲያበርዱ ኖረዋል፤ እነርሱም ለዚህ ሥራቸው ደመወዝ አይቈረጥላቸውም። አባቱ ፋኖስ ሲያበራ አብሮ የቆመ ልጅ፣ አባቱ ውኃውን ሲለቅም ሲሰርቅም ያያል። ከሁለቱ አንዱን ይማራል።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባኛል። ጠለፋ በጥብቁ ከተመለከትነው በጎ ፈቃድ አይደለም። ያልመጣ ሰው መቀጫ አለበት፤ የሚሠራውም ሁሉ በመጨረሻ ውኃ ያገኝበታል። ወንፈልም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ላንተ አጭዳለሁ፣ ነገ ለእኔ ታጭድልኛለህ የሚል የሥራ ብድር ነው። ደቦ ከዚህ ጥቂት ይለያል፤ ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል፣ የመጣውም በዘፈንና በሆታ ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ደቦ ጠርቶ ሌላው ሲጠራው የሚቀር ሰው ስሙ ይጠፋል። አንዳንድ ጸሐፊዎች እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ጠቅልለው «የአባቶቻችን በጎ ፈቃደኝነት» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ አነጋገር ያማረ ቢሆንም ትክክል አይመስለኝም፤ ልጆችንም የሚያሳስት ነው። ልጁ ልዩነቱን ማወቅ አለበት።

ልዩነቱ የሚታየው ባሏ የሞተባት ሴት ማሳ ላይ ነው። እርሷ ወደ ጠለፋው የምትልከው ወንድ ልጅ የላትም፤ ወንፈል የምትመልስበት ጉልበት የላትም፤ ደቦ የምትጠራበት እህልም የላት ይሆናል። እንደ ሥርዓቱ ከሆነ ውኃው እርሷን አልፎ መሄድ በተገባው ነበር። ነገር ግን በደጉ ልማድ ድርሻዋ ይጠበቅላታል፤ ጎረቤቶቿም የራሳቸውን ከጨረሱ በኋላ በሬያቸውን ይዘው ሄደው ያርሱላታል። አረጋዊም፣ በሽተኛም፣ ወላጅ አልባ ልጆችም እንዲሁ ይታሰባሉ። ይህ ብድር አይደለም፤ መላሽ የለውምና። በዚያ ቀን ልጁን አስከትሎ የሚሄድ አባት በዓመቱ ካስተማረው ሁሉ የሚበልጠውን አስተማረው። ልጁን ለዚያ ቀን ከብት ጠብቅ ብሎ ከቤት ያስቀረውስ? ሥራውን ይሠራል፤ ትምህርቱ ግን ቀረ።

ማሽላው እሸት በያዘ ጊዜ ደግሞ ትምህርቱ በልጆች እጅ ይገባል። በማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። ወፍ ድንበር አያውቅም። ከጎረቤት ማሳ የተባረረው መንጋ በአንተ ላይ ያርፋል፤ አንተ ያባረርኸውም ጎረቤትህ ላይ ያርፋል። ስለዚህ በጎረቤት ማማ ላይ ጠባቂ ልጅ ያልተገኘ እንደ ሆነ የዚህኛው ማሳ ልጅ ወንጭፉን ወደዚያም ይወረውራል። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አያየውም። እኔ ከመጽሐፍ ካገኘሁት ምሳሌ ሁሉ ይህን አብልጬ እወዳለሁ።

በቤት ውስጥ ያለው ትምህርት ጸጥ ያለ ነው። በወሎ አገር ቅሬ የሚባል ማኅበር አለ፤ በሌላው አገር እድር እንደምንለው ነው። ሰው በሞተ ጊዜ መቃብር መቆፈር፣ ውኃ መቅዳት፣ እንግዳ ማስተናገድ የቅሬው ነው። በራያና በቆቦ ክርስቲያንና እስላም በአንድ መንደር ስለሚኖሩ አንዱ በሌላው ኀዘን ይገኛል። ዝክር ሲዘከር ከድግሱ ለእስላሙ ጎረቤት የሚስማማው ተለይቶ ይቀመጥለታል፤ ሰደቃ ሲወጣም እንዲሁ። ትሪውን ተሸክማ ከቤት ወደ ቤት የምታደርሰው ብዙ ጊዜ ትንሽ ልጅ ናት። ለደካማይቱ አሮጊት እንዳትዘነጋ እናቷ ስታስታውሳት፣ ደግሞም ሰው እንዳያይ በጓሮ በር ግቢ ስትላት፣ ልጅቱ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ታውቃለች፤ መስጠትንም፣ የሚቀበለውን አለማሳፈርንም።

እስከዚህ የተናገርሁት በፈቃድ ስለሚሰጠው ጉልበት ነው። በዚህ አገር ግን በግድ የሚወሰድ ጉልበትም ነበረ፤ ልጆችም ያንን አይተዋል። በቀድሞው ዘመን ገባሩ ጌታው በቀጠረው ቀን የራሱን ማሳ ትቶ ሁዳድ ያርስ፣ አጥር ያጥር፣ ወፍጮ ያስፈጭ ነበር። በዚያ ቀን አብሮ የሚዘፍን አልነበረም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሁዳዱ ቀረ፤ በእርሱ ምትክ ግን ሌላ ዓይነት ጥሪ መጣ። ከ1967 እስከ 1968 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ ከእነርሱ ወድዶ የሄደም ነበረ፣ ተገድዶ የሄደም ነበረ። በኋላም በወሎ ተራሮች ላይ ገበሬው እህል እየተሰፈረለት እጅግ ብዙ እርከን ሠራ፣ ችግኝም ተከለ። ሥራው በራሱ መልካም ነበር፤ አፈሩ እየሄደ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን እርከኑ የማን እንደ ሆነ፣ ዛፉንም ማን እንደሚቆርጠው ገበሬው አያውቅም ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በወሎ በብዙ ስፍራ ዛፉ ተቆረጠ፣ እርከኑም ፈረሰ። የጎርፉ አጥር ግን በየዓመቱ ይፈርሳል፣ በየዓመቱም ይሠራል፤ መንግሥት ሲለወጥም ሲሠራ ኖረ። ይህን ልዩነት የሚያስረዳ መምህር አያስፈልግም፤ ሁለቱን በአንድ ዘመን ያየ ልጅ ራሱ ያስተውለዋል።

በአንጻሩ ከሩቅ አገር በፈቃዳቸው የመጡ ሰዎች ምሳሌ በዚሁ አካባቢ ተመዝግቦ ይገኛል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። የኢጣልያ ጦር በወረረን ጊዜ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድና ከሌሎችም አገሮች የሕክምና ጓዶች መጡ። በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ ጓድ ድንኳኑን በኮረም አካባቢ ተክሎ ቁስለኛ ሲያክም ሳለ የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደበደበ። የማይጨው ጦርነት የተደረገው ከዚህ በኋላ አንድ ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን ነው። ዶክተር ሜሊም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ አዲስ አበባ በዝርፊያ ስትታመስ፣ ቁስለኛ ለማንሣት ወጥቶ በጥይት ተመትቶ ሞተ።

ከጦርነት ይልቅ ግን ይህን ልማድ አጥብቆ የፈተነው ረኃብ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ አልቆ በሬ ሲታጣ ሕዝቡ በዶማ መቆፈር አፈረ። ያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ በታሪክ ይነገራል፤ አዋጅ ብቻ ቢያስነግሩ ኖሮ እንዲህ ባልታሰበላቸው ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ረኃቡ የወሎን ቆላ ክፉኛ መታው። ባላገሩ ከብቱን ሸጦ፣ የቤቱን እንጨት ነቅሎ ሸጦ፣ በመጨረሻ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወንፈል የለም፤ ደቦም የለም። የሚያጭዱት ሳይኖር ማን ማንን ይጠራል? እናት ለልጇ የምታቀምሰው ካጣች በኋላ ትሪ ይዞ ወደ ጎረቤት የሚሄድ ልጅ አይኖርም። የመረዳዳት ልማድ ረኃብን ይከላከላል የሚሉ ሰዎች እስከዚህ ድረስ አልተመለከቱትም። ልማዱ የአንድን ቤት ችግር ይሸከማል፤ የአገሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ግን ሊሸከም አይችልም። ያን ጊዜ እጅ ከውጭ መዘርጋት አለበት፤ የዘረጋውም ዘግይቶ ነበር።

በመንግሥት በኩል ነገሩ ተሸፍኖ ሳለ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ወደ ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው በአዲስ አበባ አሳዩ። ተማሪዎችም ቁርሳቸውን ትተው ዋጋው ለረኃብተኛው እንዲውል አደረጉ። ቁርስ ምን ያህል ነው ትሉ ይሆናል። ከእነዚህ ተማሪዎች ብዙዎቹ የባላገር ልጆች መሆናቸውን አስታውሱ፤ የራሳቸውን ድርሻ ለቀጣዩ መልቀቅን ከየት እንደ ተማሩት መገመት ይቻላል። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ኮረም በዓለም ሁሉ የታወቀች የረኃብ መጠለያ ሆነች፤ ብዙ ሺህ የወሎ ቤተ ሰብም ወደ ሩቅ አገር በሰፈራ ተወሰደ። በየመንደሩ የሰዎች መጠራሪያ ተናጋ። አጥሩን ለመሥራት ሲወረድ የማይመጡት ቤቶች ብዙ ሆኑ።

ወደ ዛሬው ስንመለስ ብዙ ነገር ተለውጧል። ካለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ወዲህ በቆቦ ሜዳ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ በሞተር የሚሳብ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም ያበቅላል። በራያ ሸለቆ በሲሚንቶ የተሠሩ መጥለፊያዎችም አሉ፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ የጎርፉን አሸዋና ኮረት አልችል ብለው ተደፍነው ቀርተዋል። መሐንዲሶቹ ውኃውን ያውቁ ነበር፤ የአገሩን ሽማግሎች ስለ ደለሉ ቢጠይቁ ኖሮ ግን ባልጎዳቸው። ጉድጓዱ ገበሬውን ከሰማይ ጥገኝነት አውጥቶታል፤ ይህን ማንም አይጠላም። ሆኖም ቧንቧው የሚከፈተው በቁልፍ ነው፤ ሒሳቡም በገንዘብ ነው። ልጁ ከአባቱ ጋር ወርዶ ጠጠር የሚያቀብልበት ስፍራ ጠበበ። ልጆቹ ራሳቸውም በትምህርት ቤት ናቸው፤ ወይም ወደ ሳዑዲ አረቢያ ለመሄድ ይመኛሉ። ወላጆች «ለሰው ማሰብን እንዴት እናስተምራቸው?» ማለት የጀመሩት ወንዙ ያስተምር የነበረውን ማስተማር ስለ ተወ ይመስለኛል።

ከዚያም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ቆቦ ደረሰ፤ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴም ተመለሰ። ስለ ደረሰው እልቂት ዛሬ አልናገርም፤ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። የሸሸው ሕዝብ ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴና ከዚያም ወዲያ ሲወርድ በመጠለያ ካደረው ሌላ በየሰዉ ቤት የተጠጋው እጅግ ብዙ ነበር። በሁለት ክፍል ቤት አራት ቤተ ሰብ ያደረበት ጊዜ ነበረ። የቤቱ ልጆች አልጋቸውን ለማያውቁት ልጅ ለቅቀው መሬት ላይ ተኙ። በእንዲህ ያለ ሌሊት እናት ለልጆቿ የምታስረዳው ጥቂት ነው፤ «ፈቀቅ በሉላቸው» ብቻ።

ይህን ሁሉ ካሰብሁ በኋላ ከአንድ የከተማ አባት የተቀበልሁትን ጥያቄ አስታወስሁ። ልጆቹን በእሑድ ቀን ወደ አረጋውያን መርጃ ይዞ ይሄድ እንደ ሆነ፣ ለእያንዳንዱም ቀን ጥቂት የኪስ ገንዘብ ቢሰጣቸው ይተጉ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ይዟቸው ይሂድ። ገንዘቡን ግን ይተው፤ ገንዘብ የተከፈለበት ወንፈል እንኳ ሊባል አይችልም። ልጆቹን በር ላይ አድርሶ እርሱ በመኪናው ውስጥ ጋዜጣ እያነበበ የሚጠብቅ ከሆነም ባይሄዱ ይሻላል፤ ጠለፋው ላይ አባት ሳይቆፍር ልጁ ጠጠር ሲያቀብል አልታየም። ደግሞ አንድ ጊዜ ሄደው ፎቶግራፍ ተነሥተው የሚቀሩ አይሁኑ። አጥሩ በዚህ ክረምት ፈርሷልና በሚመጣው ሰኔ እንደ ገና ይሠራል፤ አሮጊቲቱም በሚቀጥለው እሑድ እዚያው ናት።

በቆቦ ሜዳ ጠለፋ ባለባቸው መንደሮች ግን አሁንም በሐምሌ ምሽት ደጋው ላይ መብረቅ ሲያበራ ሰው አይተኛም። መጀመሪያ ሩቅ ጉርምርምታ ይሰማል፤ ወዲያው ከላይኛው መንደር ጩኸት ይነሣል፤ ጩኸቱን የሰማው ለታችኛው ያቀብላል። አባት አካፋውን ያነሣል። ልጁም ባትሪውን ይዞ ከኋላው ይወጣል።